ድመቷና ፍራሹ

መድኃኒት ቤቴ በሁለት መንገዶች መጋጠሚያ ላይ ስለሚገኝ ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ በሬ ላይ ይጠለላል። ገሚሱ እግረ መንገዱን የራስ ምታት ኪኒን ይገዛል፤ ገሚሱ ወሬ ትቶልኝ ይሄዳል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የወረደው ዶፍ ግን፣ ሰላምታ መለዋወጥ እንኳ የከበዳቸውን ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ወደ ውስጥ አስገባልኝ።

አንደኛው ጋሽ ምቾት ነበሩ። ስማቸው ይህ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍራሽ ሲሞሉና ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ጋደም በልበትና ምቾቱን ንገረኝ» ስለሚሉ የሰፈሩ ሰው ያወጣላቸው ቅጽል ነው። ዛሬ ሱቁን ለልጃቸው ቢለቁም መርፌና ክሩ ከኮት ኪሳቸው አይጠፋም። ሁለተኛዋ የምራታቸው ታናሽ እህት ነበረች። ባዮቴክኖሎጂ አጥንታ በሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች፣ ከመናገሯ በፊት መነጽሯን የምታስተካክል ወጣት ናት።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እትዬ እንዴት ሰነበቱ?» አለች ጃንጥላዋን እያጠፈች።

«ስለጠየቅሽ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ጋሽ ምቾት ቀሪውን መልስ ለእኔ ሰጡኝ። «ይኸውልህ ዶክተር፣» አሉኝ፤ ፋርማሲስት መሆኔን ደጋግሜ ነግሬያቸው ስለሰለቸኝ ትቼዋለሁ። «ባለቤቴ ጉንፋን እንኳ ይዟት ሥራ የማትፈታ ሴት ነበረች። ልጃችን አግብቶ ምራቴ ከነድመቷ ከገባች ወዲህ ማስነጠስ ጀመረች። ከዚያ ሳል መጣ። አሁን ደግሞ ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ከድመቷ በፊት ጤና፣ ከድመቷ በኋላ በሽታ! ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል? ለልጄም ቁርጡን ነግሬዋለሁ፤ ወይ ድመቷ ትውጣ፣ ወይ ባለድመቷ።»

የልጅቷ ፊት ቀላ። ቢሆንም ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ ድመቷ አይደለችም ብዬ አልከራከርም። ድመት የሚያስነጥሰው፣ የሚያፍነው ሰው ብዙ ነው። ግን ድመቷ በገባችበት ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም?»

«ምንም!»

እኔ ግን ያኔ ዕቃ ሲያጓጉዙ ካገዟቸው ጎረቤቶች አንዱ ነበርኩና ዝም ማለት አልሆነልኝም። «መኝታ ቤት ቀይራችሁ የለም እንዴ ጋሼ?» አልኩ።

«እሱማ ቀየርን። ፀሐይ የሚገባበትን የላይኛውን ክፍል ለሙሽሮቹ ለቀን እኛ ወደ ኋለኛው ወረድን። ወላጅ ለልጁ ቢለቅ ይህ ደግሞ በሽታ ነው?»

«በጭራሽ፤ ደግነት ነው» አለች ልጅቷ። «የኋለኛው ክፍል ግን እንዴት ነው? ይደርቃል?»

«ግድግዳው ትንሽ ይረጥባል። ለዚያ ነው ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን ዘግቼ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ የወታተፍኩት። ብርድ ልብሱንም ደራርቤላታለሁ።»

«የምትተኙበት ፍራሽስ?»

ጋሽ ምቾት ቀና አሉ። ከገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። «እሱ የጋብቻችን ፍራሽ ነው። ጥጡን በእጄ መርጬ፣ በእጄ ነድፌ፣ በእጄ ሰፍቼ የሠራሁት። የዛሬ ጊዜ ስፖንጅ እንዳይመስልሽ!»

ልጅቷ መነጽሯን አስተካከለች። ቀጥሎ የምትለው እንደሚያስቀይማቸው ያወቀች ትመስል ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በአቧራ ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ተባይ አለ። አይናከስም፣ ደም አይመጥም። ከገላችን የሚረግፈውን ቅርፊት እየበላ በፍራሽ፣ በትራስ፣ በምንጣፍ ውስጥ ይኖራል። የሚወደው ሙቀትና እርጥበት ነው። ብዙውን ሰው ምንም አያደርገውም። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ግን የተባዩን ኩስ ከትንፋሽ ጋር ሲስበው ጠላት የመጣበት ይመስለዋል። ማስነጠሱም፣ ሳሉም፣ ያ ሲጢጥታም ከዚያ ሊመጣ ይችላል።»

«ፍራሼ ተባይ አፍርቷል ነው የምትይኝ?»

«የሁሉም ሰው ፍራሽ አለበት። የኔም አለበት። የቆሻሻ ምልክት አይደለም።»

«ሰማህ ዶክተር? ስንት ቤት ያስተኛሁትን ሰው ተባይ አርቢ አደረገችኝ! ነገሩ ገብቶኛል። እህትሽን ለማዳን ነው።»

እዚህ ላይ ልጅቷ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እንዲህ አለች፤ «እውነትዎን ነው። ለእህቴ አዳላለሁ፤ አልዋሽዎትም። ስለዚህ የኔን ቃል አይመኑ። እትዬ ይመርመሩ። ለምርመራ የሚወሰደው ደም ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፤ መሣሪያው ማን የማን ምራት እንደሆነ አያውቅም።»

አንድ ሰው አድልዎውን ራሱ ሲናገር መከራከር ያስቸግራል። እኔም ገባሁበት። «ጋሼ፣ ምን ይጎድልብዎታል? ድመቷ ከሆነች በማስረጃ ያሸንፋሉ። ይህን የሳል ሽሮፕ ግን ከእንግዲህ ብሸጥልዎ ማታለል ይሆንብኛል። ጠርሙሱን እየጨረሱ ነው እንጂ ሳሉን አልጨረሱትም።»

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ድመቷ ሆና ስትገኝ ግን ሁለታችሁም አፋችሁን ትይዛላችሁ።»

ዝናቡም አባራ።

በሳምንቱ ሆስፒታል ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሟ የእትዬን ደረት አዳምጣ፣ በቱቦ አስነፍታ፣ አስም መሆኑን ነገረችን። ከዚያም በክንዳቸው ላይ ከልዩ ልዩ ነገር የተዘጋጀ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረገች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ቦታ ላይ የትንኝ ንክሻ የመሰለ እብጠት ወጣ። አንዱ የአቧራው ተባይ ፈሳሽ፣ ሌላው የድመት ፈሳሽ ጠብ ያለበት ቦታ ላይ ነበር።

ጋሽ ምቾት ከወንበራቸው ተነሡ። «አላልኩም? ይኸው! ድመቷ ፈረመች!»

«ጋሼ፣ ተባዩም እኮ አብጧል» አልኳቸው።

«ተባዩን ተወው! እኔ ያልኩት ወጥቷል።» ሐኪሟ «ነገሩ ገና አልተጣራም፤ የደም ምርመራ ይቀረናል» ብትልም የሚሰማት አልነበረም። በዚያው ቀን ድመቷ በካርቶን ታሽጋ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደች። ምራቲቱም ዓይኗ አብጦ፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ «እትዬ እስኪሻላቸው» በሚል ሰበብ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ልጃቸው በሁለቱ መካከል ተጨንቆ አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ማደር ጀመረ። ድሮ በሰው የሚሞቀው ቤት ጭር አለ። እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ያስተውልልኝ። ጋሽ ምቾት ክፉ ሰው አይደሉም። ሚስታቸውን በጣም የሚወዱ፣ በፍርሃት የተያዙ ሰው ናቸው። የፈራ ሰው ደግሞ አጠገቡ የሚያየውን ይከስሳል፤ የማያየውን ለመክሰስ እውቀት ያስፈልጋል።

ድመቷ ከሄደች በኋላም እትዬ አልተሻላቸውም። ጋሽ ምቾት በመጀመሪያ «ጠጉሯ ከቤት ገና አልጠፋም» ይሉ ነበር። ይህ ደግሞ ሐሰት አልነበረም፤ የድመት ርዝራዥ ለወራት እንደሚቆይ ልጅቷ ራሷ ነግራኛለች። እያደር ግን ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ። አንድ ጠዋት ልጅቷ መድኃኒት ልትገዛ መጥታ ሳለ ጋሽ ምቾት ገቡ። እሷን አይተው ተመልሰው ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ» አሏት። ይህን ቃል ካሏት ሰንብተው ነበር። «ያ ያልሽው የደም ምርመራ፣ ከክንዱ ምርመራ በምን ይለያል? አንዱ አብጦ ካሳየ ሌላው ምን ይጨምራል?»

«ጋሼ፣ ጥጥ ከማሳው እንደመጣ ፍራሽ ውስጥ ይከታሉ?»

«ምን ነካሽ! ከነፍሬው? ፍሬው ወጥቶ፣ ተፈልቅቆ፣ ተነድፎ ነው እንጂ።»

«የክንዱ ምርመራ ያልተፈለቀቀ ጥጥ ነው። የድመት ፈሳሽ የሚባለው ከድመት ጠጉርና ቆዳ ተጨምቆ የወጣ ነው። ድመቷ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ትተኛለች፤ ጠጉሯ ውስጥ የአቧራ ተባይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ክንዳቸው ሲያብጥ በድመቷ ይሁን ድመቷ ላይ በተሳፈረው ተባይ፣ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ባዮቴክኖሎጂ የሚሠራው መፈልቀቁን ነው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ፍጥረት ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ዘረ መል የሚባል የሥራ ትእዛዝ አለው። የተባዩን ፕሮቲን፣ ማለት በሽታ የሚያስነሣውን ነገር፣ እንዲህ አድርገህ ሥራ የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ቀድተን ለእርሾ እንሰጠዋለን። እርሾው ሲራባ ያንን ፕሮቲን ይሠራልናል። ተባዩም፣ ጠጉሩም፣ አቧራውም የለበትም፤ የጠራ ነገር ነው። ለድመቷም እንደዚሁ ለብቻ ይሠራል።»

«እርሾ ዳቦ ከመንፋት ሌላ ሙያ አለው?»

«በደንብ ካዘዙት ብዙ ሙያ አለው» ብላ ሳቀች። «ከዚያ የእትዬን ደም ከእያንዳንዱ የጠራ ፕሮቲን ጋር እናገናኘዋለን። ሰውነታቸው ጠላት ብሎ ለያዘው ነገር ሁሉ በደማቸው ውስጥ ያዘጋጀው መያዣ አለ። የተባዩ መያዣ ካለ ተባዩን ይዞ ይገኛል። የድመቷ ከሌለ ግን ድመቷ እንዲሁ ታልፋለች።»

«ያላየሁትን ማመን ነው የሚከብደኝ» አሉ ጋሽ ምቾት።

«ማየትማ ይችላሉ» አለች።

ቃሏንም አከበረች። ደሙ በተወሰደበት ቀን፣ ከዚያ ከኋለኛው ክፍል ፍራሽ በንጹሕ መጥረጊያ የሰበሰበችውን አቧራ መስታወት ላይ አድርጋ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችው። ጋሽ ምቾት ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። «ጨለማ ነው… አሁን ነጭ… ጥጥ ነው፣ ይኼ የኔ ጥጥ ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ይበልጥ ወደ መሣሪያው አስጠጉ።

«ይሄዳል» አሉ። «እግር አለው። ነጭ፣ ድቡልቡል ነገር… ይሄዳል።» ቀና ሳይሉ ብዙ ቆዩ። ሲነሡ ያዩት እኔንም ልጅቷንም አልነበረም፤ በር ላይ የተቀመጡትን ባለቤታቸውን ነበር።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ በግልጽ ነገረቻቸው። በእትዬ ደም ውስጥ የድመት መያዣ አልተገኘም፤ የአቧራው ተባይ መያዣ ግን በብዛት ተገኝቷል። በሽታው ከድመቷ ጋር አንድ ሰሞን የመጣው፣ በዚያው ሰሞን ፀሐይና አየር ካለው ክፍል ወጥተው ወደ ታፈነውና ወደሚረጥበው ክፍል በመውረዳቸው ነው። ጋሽ ምቾት ለባለቤታቸው አስበው የዘጉት መስኮትና የደራረቡት ብርድ ልብስ፣ ለተባዩ ሠርግና ምላሽ ሆኖለት ነበር።

«ሕክምናውስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«መጀመሪያ በአፍ በሚሳበው መድኃኒት አስሙን እናረጋጋለን» አለች ሐኪሟ። «መኝታ ቤቱን ታስተካክላላችሁ። ከዚያ ከተባዩ ተጣርቶ በልክ የተዘጋጀ ኪኒን በየቀኑ ምላሳቸው ሥር ያደርጋሉ። የመጀመሪያውን እዚሁ በዓይናችን ሥር ነው የሚወስዱት። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጥቂት ዓመት ይወስዳል።»

የጋሽ ምቾት የቀድሞ ጠባይ ተመልሶ መጣ። «ቆይ፣ ቆይ! ያሳመማትን ነገር መልሳችሁ ልታበሏት ነው? አውጡልኝ ስል ታስገቡባታላችሁ?»

ልጅቷ መለሰች፤ «ጋሼ፣ ችግሩ ተባዩ ኃይለኛ ስለሆነ አይደለም። የእትዬ ሰውነት የማይጎዳውን እንግዳ ጠላት ነው ብሎ ስለተነሣበት ነው። ጠቡን የሚያስነሣው ሰውነታቸው ነው፤ የሚታመመውም እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ያንን እንግዳ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ እያሳየን እናለማምደዋለን። ሲለምደው ቁጣው ይበርዳል።»

ይህን ስትል ስለ ሰውነት ብቻ የተናገረች አልመሰለኝም። ለጋሽ ምቾትም አልመሰላቸውም። አንገታቸውን ደፉ።

«ብትሞትብኝስ?» ሊሉ ሲጀምሩ እትዬ ከወንበራቸው ሆነው እጃቸውን አነሡ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ድምፃቸውን ሳልሰማው መክረሜ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

«አንተ ስለ ድመት፣ እነሱ ስለ እርሾ ስትከራከሩ ሰነበታችሁ» አሉ፤ በየመሐሉ ትንፋሽ እየወሰዱ። «የምታፈነው ግን እኔ ነኝ። የአንተን ሐሳብ ሞከርነው። ሽሮፑን ጠጣሁ፤ መስኮቱን ዘጋህ፤ ድመቷን አባረርክ፤ ልጄንም አብረህ አባረርክብኝ። አሁን የኔ ተራ ነው። ኪኒኑን እወስዳለሁ።»

ጋሽ ምቾት «እሺ» አሉ።

ከሆስፒታሉ ሲወጡ እትዬን በታክሲ ወደ ቤት ሸኙ እንጂ እሳቸው አልሄዱም። ልጅቷን «ቤትሽን አሳዪኝ» ብለው ተከተሏት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ምራታቸው በሩን ከፍታ ባየቻቸው ጊዜ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እትዬ የሞቱ መስሏት ነበር።

«ደኅና ናት፤ ክፉ አላመጣሁም» አሉ ጋሽ ምቾት ከደጃፍ እንደቆሙ። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ። በማላውቀው ነገር ፈርጄብሻለሁ። እቤቴ አግብቼ፣ ክፍሌን ሰጥቼ፣ መልሼ ከሰውም ከእንስሳም አንሰሽ እንድትሄጂ አደረግሁሽ። ይቅር በይኝ።»

«ተዉ አባባ፣ ተዉ፣ ይግቡ» አለች እጃቸውን ይዛ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ማልቀሳቸውን ልጅቷ ነገረችኝ፤ እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ነበርና አላየሁም።

የጋብቻውን ፍራሽ ያወጡት በራሳቸው እጅ ነው። ልጃቸው ላግዝዎ ቢል አይሆንም አሉ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘርግተው ስፌቱን በምላጭ ሲተረትሩ አገኘኋቸው። ጥጡ ጠቁሮ፣ እርጥበቱ አጓጉሎት ነበር። «ስሰፋው ወጣት ነበርኩ» አሉኝ። «የማያልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ፍራሽም ያረጃል።» ካጠገባቸው ተቀምጬ እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ለእንዲህ ያለ ነገር ምክር አያስፈልግም።

ሌላው ሥራ ቶሎ ተፈጸመ። ምራታቸው ከነድመቷ ተመለሰች። ልጃቸውና ምራታቸው የላይኛውን ክፍል መልሰው ለወላጆቻቸው ለቀቁ፤ እነሱ ወጣቶች ናቸውና የኋለኛውን ግድግዳ አስጠግነው፣ መስኮቱን አስፍተው ገቡበት። ጋሽ ምቾት አዲስ ፍራሽ ሠሩ። ክሩ በጣም ጠብቆ ከተሸመነ፣ ተባይ ከማያሳልፍ ጨርቅ ዙሪያውን በዚፕ የሚዘጋ ልብስ ሰፉለት፤ ለትራሱም እንዲሁ። አንሶላው በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ይከፈታል። ከምላስ ሥር የሚቀመጠውን ኪኒን በየጠዋቱ ለእትዬ የሚያቀብሉት ራሳቸው ጋሽ ምቾት ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፋቸውን ሲያሳክካቸው ሽማግሌው ተሯሩጠው እኔ ዘንድ መጡ፤ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ከሐኪሟ ጠይቄ አረጋጋኋቸው። ለውጡም በአንድ ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ ማስነጠሱ ቀነሰ፤ ቆየት ብሎ ሳሉ፤ ከብዙ ወራት በኋላ ሐኪሟ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት መጠን ዝቅ አደረገችላቸው።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት ጋሽ ምቾትን ለመውቀስ አይደለም። እንደሳቸው ያለ ቤት ብዙ ነውና ነው። ሕመሙን በብርድ፣ በጎረቤት፣ በምራት፣ በድመት እያመካኘን ስንጣላ፣ ጠንቁ ከራስጌያችን ሥር ይቀመጣል። ቀድሞ የማይለየውን ዛሬ እውቀት ለይቶ ያሳየናል። ምርመራው ንጹሑን ነጻ ያወጣል፤ ሕክምናው የተቆጣውን ሰውነት ያስታርቃል፤ ክፍት መስኮትና ሙቅ ውሃ ደግሞ ሁለቱንም ያግዛሉ። ሐኪም ሳያይ በራሱ ፈቃድ ኪኒን የሚጀምር ግን እንዳይኖር አደራ እላለሁ፤ የአንዱ ሰው ጠንቅ የሌላው አይደለምና።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ብቻቸውን መድኃኒት ቤቴ መጡ። ፊታቸው ሞልቷል፤ ሲናገሩ ትንፋሽ አይቆራርጣቸውም።

«እንዴት ነዎት እትዬ?» አልኳቸው።

«እንዴት ልሁን? ደረጃ እወጣለሁ፤ እሥቃለሁ፤ ጀርባዬን ዘርግቼ እተኛለሁ። ምራቴ አረገዘች አይደል፤ አንሶላውን እንኳ አላስነካትም፣ እኔው ነኝ የማጥበው።» ከዚያ ዞር ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ወደ ባንኮኒው ተጠጉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ድሮ ድክም ብሎኝ ስለምተኛ፣ ስታመም ደግሞ በራሴ ሳል ምክንያት አስተውዬው አላውቅም። ጋሽህ ለካ ያንኮራፋል! እንዲህ ያለ ማንኮራፋት ሰምቼ አላውቅም። ለሱስ በዚያ በእርሾአችሁ የምትሠሩት ነገር የላችሁም?»